በያሮዎች ፖስተር ላይ የጻፍኩት ስም

ካልጋሪ የገባሁት በሞተች ልጅ ስም ነው። ይህን ነገር ዙሪያውን ዞሬ ባወራው ደስ ባለኝ፤ ግን ዓመታት ሙሉ ዙሪያውን ስዞር ነው የኖርኩት፣ ደክሞኛል።

ልጅቱ የአክስቴ ልጅ ናት። አክስቴ ካርቱም ሳለች የካናዳን ፎርም «እኔና ልጄ» ብላ ሞላች። መልሱ ሁለት ዓመት ፈጀ። ልጅቱ አልጠበቀችውም፤ ወባ በሦስት ቀን ወሰዳት። መቃብሯ ላይ በምትቆመው ጣውላ ስሟን በቀለም የጻፈችው አክስቴ ናት፣ የቀለሙን ቆርቆሮ የያዝኩላት እኔ። ከዚያ ደብዳቤው መጣ፤ እናትና ልጅ ግቡ ይላል። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ። እናትና አባቴ ስላለፉ እሷው ጋ ነበር የማድገው። ከሟቿ በሁለት ዓመት እበልጣለሁ፣ ፊታችን ግን አንድ ነው፤ ፎርሙ ላይ ያለው ፎቶ ደግሞ የልጅነት ነው። አክስቴ አልቅሳ አልቅሳ አንድ ጠዋት ጠራችኝ። የጠራችኝ በልጅቱ ስም ነው።

«ከዛሬ ጀምሮ እማዬ ነው የምትይኝ» አለች። በቃ። ሌላ ነገር አላለችም።

የምንኖረው ዋይትሆርን የሚባል ሰፈር፣ አንድ ቤት ሥር ያለ ቤዝመንት ውስጥ ነበር። ከላያችን ያሉት አከራዮች ፑንጃቢዎች ናቸው፣ አንድ ቃል አማርኛ አይሰሙም። እንዲያም ሆኖ አክስቴ በራሴ ስም ጠርታኝ አታውቅም። «ግድግዳ ጆሮ አለው» ትላለች። በር ሲንኳኳ ሬዲዮ ትቀንሳለች። ፖስታ ስትከፍት ትቆማለች፤ ቁጭ ብላ ፖስታ ስትከፍት አንድም ቀን አይቻት አላውቅም። እኔም ተምሬዋለሁ። ክፍል ውስጥ ስም ሲጠራ ከሁሉም ዘግይቼ ነው «አለሁ» የምለው፤ መምህራኑ ዓይናፋር ናት ይሉኛል። ዓይናፋርስ አልነበርኩም። ስሙ ጆሮዬ ላይ ደርሶ የኔ መሆኑን እስካስታውስ ነው።

የዜግነት ፈተናችን ቀጠሮ የመጣው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ነው፣ በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ። አክስቴ ደብዳቤውን ቆማ አንብባ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው። ከዚያ አነሣችው። ሰው ቢያየውስ? መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ማታ ደግሞ አውጥታ እንደገና አየችው። ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «ሦስት ሳምንት አፍሽን ዝጊ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አያደርገንም» አለችኝ። ከተደረሰብን ሁለታችንንም እንደሚመልሱን ነበር የምናውቀው። ልክ ይሁን አይሁን የምንጠይቀው ሰው አልነበረም። መጠየቅ ራሱ መናገር ነው።

ከሁሉ በላይ የምንፈራቸው አንድ ጋሼ ነበሩ፤ ፋልከንሪጅ ሰፈር የሚኖሩ። ሆስፒታልም ፍርድ ቤትም ኢሚግሬሽንም የሚያስተረጉሙት እሳቸው ናቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻለን ነበር፤ ክፉ ሰው ይታወቃል፣ ትጠነቀቂዋለሽ። እሳቸው ግን ሰው ይወዳሉ። ቅዳሴ ሲያልቅ በር ላይ ቆመው «የማን ልጅ ነሽ? አባትሽ የየት አገር ሰው ነው? የአያትሽ ስምስ?» እያሉ ዘር ይቆጥራሉ። ሰባት ቤት ካልደረሱ አይለቁም። እኔን ሲይዙኝ አክስቴ ከየት እንደመጣች ሳላያት መሐላችን ትገባለች። «ጋሼ፣ እሷ ምን ታውቃለች፣ በሕፃንነቷ ነው የወጣችው፣ እኔን ይጠይቁኝ።» እሳቸውም «አይ የዛሬ ልጅ» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

በዚያው ሰሞን የሶሻል ስተዲስ አስተማሪያችን ፕሮጀክት ሰጠን። ወይ የራሳችሁን የዘር ሐረግ ሠርታችሁ አምጡ፣ ወይ ከዚህ ኮፍያ ወረቀት አውጥታችሁ ከሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች የደረሳችሁን ታሪክ ሥሩ አለ። እንደሌላው ሳላስብ ኮፍያው ላይ ዘለልኩ። የዘር ሐረግ! የማንን ነው የምሠራው? የሷን ልዋሽ ወይስ የኔን ልናገር?

ወረቀቴ ላይ «ያሮ» ይላል።

«ስለ እነሱ የተጻፈው ጥቂት ነው፣ ልቀይርልሽ?» አለኝ አስተማሪው።

አይሆንም አልኩ። ጥቂት መሆኑ ደስ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ የሚነበብ ነገር ነበር የፈለግኩት።

ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ከከተማው ምሥራቅ ካለው የሲክሲካ ሪዘርቭ፣ ለነባሩ ሕዝብ ከተከለለው መሬት ናት። ወረቀቷን ገልጣ አየችና እስክታለቅስ ሳቀች። «ሃያ ምናምን ሕዝብ እዚያ ኮፍያ ውስጥ ተከቶ እኔ የወጣኝ የኔው ሕዝብ! አያቴን ቁጭ አድርጌ ልጠይቃት ነው እንግዲህ፤ ታሪካችንን ንገሪኝ ብዬ።» ከዚያ የኔን አየች። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«እኔንጃ። ጠፍተዋል ይላል።»

«እህ» አለች። «እኛም አንዳንድ መጽሐፍ ላይ ጠፍተናል።»

ታች ከተማ ካለው ላይብረሪ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አገኘሁ። ያሮዎች ዛሬ ኡሩጓይ በሚባለው አገር፣ በዚያው ስም በሚጠራው ትልቅ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩ በቁጥር ያነሱ ሕዝብ ናቸው። ያድናሉ፣ ዓሣ ይይዛሉ፣ ካንዱ ሥፍራ ወደ ሌላው ይጓዛሉ። ጎረቤቶቻቸው ብዙ ናቸው፦ ቻሩዋ፣ ቦሃን፣ ጉዌኖዋ፣ ቻና። አንዳንዴ ይጣላሉ፣ አንዳንዴ አብረው ይዘምታሉ። ስፔኖቹ ሲመጡ ተዋጓቸው። በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት ሚሲዮኖች ሰብስበው መንደር ሠርተው አስገቧቸው። ብዙ አልቆዩም፣ ጥለው ወጡ። ለምን እንደወጡ ሚሲዮኖቹ ጽፈው አስቀርተዋል። ተደብቀን የምናደርገውን ሁሉ የሚያይ አምላክ አንፈልግም አሉ፣ ይላል መጽሐፉ።

ይህን ያነበብኩት ባቡር ላይ ነው። ዘጋሁት። ቀና ብዬ ተሳፋሪውን አየሁ፤ ማንም አያየኝም። ዋይትሆርን ደርሶ በሩ ሊዘጋብኝ ሲል ነው ዘልዬ የወረድኩት።

ለአክስቴ ነገርኳት። የምትሠራበት የሆቴል ላውንደሪ እጇን አሳብጦት ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች።

«በስመ አብ!» አለች። ልታማትብ እጇን ስታወጣ ውኃው ተደፋ። «እንዲህ ያለ ነገር ያስተምሯችኋል? እሺ ወጡ፤ ከሱ ሸሽተው የት ሊደርሱ?»

«ወደ ወንዛቸው ተመለሱ።»

«እሱ እዚያ የለም?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ መጽሐፉ ነው።»

እጇን መልሳ ነከረች። ቆይታ ቆይታ፣ እኔ ሌላ ነገር ጀምሬያለሁ፣ «የሚያየውን ሁሉ አይናገርም እሱ» አለች። «ሰው ነው የሚናገረው።»

የቀረውን ታሪክ ለሷ አልነገርኳትም። ያሮዎች በጦርነት እያነሱ ሄዱ። የተረፉት ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀላቀሉ፣ በቻሩዋዎች ስም ይጠሩ ጀመር። ከዚያ መጽሐፉ «ጠፉ» ብሎ ወደ ሌላ ሕዝብ ያልፋል። በጣም ተናደድኩ። ሰው ቁልፍ ነው እንዴ የሚጠፋው? ልጆቻቸው እኮ ጠዋት ተነሥተው ቁርስ ይበላሉ፣ ይጣላሉ፣ ይዳራሉ፤ ሌላ ስም ተጠሩ እንጂ። ቻሩዋዎቹ ደግሞ በ1830ዎቹ መጀመሪያ የደረሰባቸውን አነበብኩ። አዲሱ መንግሥት ለስብሰባ ኑ ብሎ ጠርቶ ገደላቸው። ሴቶቹንና ሕፃናቱን ወደ ዋናው ከተማ ወስዶ ለየቤቱ አከፋፈላቸው፤ አሽከርና ገረድ ሆኑ። ክርስትና ተነሡ፣ ስም ወጣላቸው።

ከነዚያ ሕፃናት መሐል ያሮ የነበረች አያት ያለቻት አትጠፋም አልኩ ለራሴ። አንዷ በአዲስ ስሟ ስትጠራ ዘግይታ «አቤት» ስትል ታየኝ። ዓይናፋር ናት ይሏታል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ፖስተሩን ጥሩ አድርጌ ሠራሁት፤ ሳልፈልግ። ወንዙን በሰማያዊ ቀባሁ፣ የየሕዝቡን ሥፍራ ለየሁ። «ጠፉ» የሚለውን ቃል አልጻፍኩም። «በጎረቤቶቻቸው ስም መኖር ቀጠሉ» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። አስተማሪው በጣም ወደደው። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወላጆች የሚመጡበት ፕሮግራም አለና ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ሲል፣ «ስምሽን በራሳችሁ ፊደልም ጻፊበት፤ ሌሎቹም እንዲሁ እያደረጉ ነው፣ ያምራል» አለኝ። ደወሉ ሊደወል ነው። ማርከር ተቀበልኩ፣ ጫጭሬ ጻፍኩ፣ ሮጬ ወጣሁ።

ሐሙስ መጣ። ከፖስተሮቻችን አጠገብ ቆመን ወላጅ እንድናስተናግድ ታዘዝን። ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል። የሲክሲካዋ ልጅ ፖስተር ከኔው ጎን ነው። ሥራ ስትፈታ የኔን ታጠና ጀመር።

«ይኼ ፊደላችሁ ነው? ውብ ነው። ምን ይላል?»

«ስሜ ነዋ።»

«አንብቢልኛ።»

በጣቴ እያሳየሁ፣ ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የራሴን ስም። ከነአባቴ።

«ይኼማ የአንቺ ስም አይደለም» አለች።

እንዴት እንደሆነ የገባኝ እዚያው ቆሜ ነው። በእንግሊዝኛ ስጽፍ እጄ የሚያውቀው የሟቿን ስም ብቻ ነው፤ እንግሊዝኛ መጻፍ የተማርኩት እሷን ሆኜ ነው። በአማርኛ ግን የሷን ስም በዕድሜዬ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። አባቴ እጄን ይዞ ያስጻፈኝ ስም አንድ ነው። እጄን ፊደል ጻፊ ሲሉት እሱን ጻፈ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

ማርከሬን አውጥቼ ላጠፋው ስል ልጅቱ ክንዴን ያዘችኝ።

«ካጠቆርሽው ሁሉም ሰው ምን ነበር ብሎ ይጠይቃል። ተረጋጊ። ማን ሊያነበው ይችላል?»

ቀና ስል ጋሼን አየኋቸው። ወንድ ልጃቸው እዚያው ትምህርት ቤት ነው፤ እንዴት ረሳሁት! ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ከእያንዳንዱ ፖስተር ፊት እየቆሙ፣ እያንዳንዱን ልጅ እየጠየቁ ነው የሚመጡት። አምስት ፖስተር ቀርቷቸዋል።

«እኚያ ሰውዬ» አልኳት።

የቀረውን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝም። ፊቴን አየች። «ቅድመ አያቴን የመንግሥት ሰው ስምህ ማን ነው አለው። ነገረው። ሰውዬው መጻፍ ሲያቅተው ደስ ያለውን ጻፈ» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ሁላችንም የምንጠራው በዚያ ነው። ስለዚህ እኔ የሰማሁት ነገር የለም።» ከዚያ ራመድ ብላ ጋሼን ወደራሷ ፖስተር ጠራቻቸው። «ሰር፣ ስለ ሕዝቤ ላስረዳዎት? ረጅም ነው።»

እኔ ጀርባዬን ስሙ ላይ ለጥፌ ቆምኩ። አስተማሪው ከሩቅ ሲያየኝ አውራ ጣቱን አነሣልኝ።

አክስቴ በዚህ መሐል ደረሰች። ከሺፍት ነው የመጣችው፣ ካፖርቷ ሥር ዩኒፎርሟ ይታያል።

«ምን ሆነሽ ነው ግድግዳ ላይ የተለጠፍሽው? ዞር በይ፣ ሥራሽን ልይ።»

«እማዬ፣ ጋሼ መጥተዋል።»

«አየኋቸው። ቢመጡስ? ዞር በይ።»

«እማዬ፣ ተሳስቻለሁ።»

ድምፄን ስትሰማ በእጇ ወደ ጎን ገፋ አደረገችኝና አነበበችው። ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አምስት ዓመት ያልጠራችውን ስም ከንፈሯ ላይ አየሁት። ጥፊ ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ ጉንጬን አዘጋጅቼ ነበር።

«ያንን ስጪኝ» አለች።

ማርከሩን ሰጠኋት። ከስሜ አጠገብ «እና» ብላ ጻፈች። ቀጥላ የሚመጣውን የመጀመሪያ ፊደል ጻፈችና ቆመች። ያን ስም ፎርም ላይ በእንግሊዝኛ ስንት ጊዜ ሞልታዋለች፤ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ኢሚግሬሽን። በአማርኛ ግን መጨረሻ የጻፈችው ያቺ ጣውላ ላይ ነው። እኔ አውቃለሁ፣ ቆርቆሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ያበጠ እጇ ማርከሩን ጨምቆ ይዞታል። ትተወዋለች ብዬ ፈራሁ። ጋሼ ከጀርባችን «ጉድ ነው እናንተ! እንዲህ ነው እንዴ?» እያሉ ልጅቱን ሲያደንቁ ይሰማል። አክስቴ እስከ መጨረሻው ጻፈችው፣ ከነአባቷ። ክዳኑን ገጥማ ማርከሩን መለሰችልኝ። ሁለት ስም፣ ጎን ለጎን፣ በሁለት ሰው እጅ ጽሑፍ።

«እንደምን ዋላችሁ» አሉ ጋሼ። «እስቲ የኛ ልጅ ምን ሠራች?»

መነጽራቸውን አደረጉ። ወንዙን አዩ፣ ካርታውን አዩ፣ እንግሊዝኛውን አነበቡ። ከዚያ ወደ ታች ወረዱ።

«አሃ፣ ሁለት ሆናችሁ ነው የሠራችሁት!»

«አዎ ጋሼ። ሁለት ሆነን ነው።»

«ይቺኛዋ ማን ናት?» ጣታቸውን የኔ ስም ላይ አሳረፉ። «ሐበሻ ናት እኮ። እንዴት እስካሁን አላውቃትም? የማን ልጅ ናት?»

አንድ ውሸት እንኳ አልመጣልኝም።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች አክስቴ።

ድምፅዋ ልክ እንደ ሁልጊዜው ነው። ዘወር ብዬ አየኋት፤ ጋሼን እንጂ እኔን አታይም።

«የእህትሽ! እህት አለሽ እንዴ?»

«ነበረችኝ። አረፈች። ልጅቷን ትታልኝ ነው ያረፈችው።»

«አይይ፣ ነፍስ ይማር። ታዲያ ልጅቷን ቤተ ክርስቲያን አታመጧትም? ዛሬስ የት ናት?»

«አልመጣችም» አለች አክስቴ።

ጋሼ ስሙን እንደገና አነበቡት፣ የአባቴንም ጭምር፣ ቀስ ብለው። ከአባቴ ሞት ወዲህ ያን ስም ጮክ ብሎ የጠራው፣ ከእኔ ሌላ፣ እሳቸው ብቻ ናቸው። «ጥሩ ስም ነው» አሉ። «አባቷን የማውቀው ይመስለኛል፤ የየት ሰው ነው?»

«ጋሼ፣ ልጅዎ ይጠራዎታል» አልኩ። እውነትም ልጁ ከኮሪደሩ ጫፍ እጁን እያወዛወዘ ነበር። እግዚአብሔር ይስጠው። ባይጠራቸውም ግን ያንኑ ነበር የምላቸው።

ባቡር ላይ ፖስተሩን ጠቅልዬ ጉልበቴ ላይ ይዣለሁ። ዋይትሆርን ልንወርድ ስንል አክስቴ «የኔዋን ፊደል አጣመምኩት እንዴ?» አለችኝ።

«አላጣመምሽውም።»

«እጄ ተንቀጥቅጦ ነበር።»

«ቀጥ ያለ ነው እማዬ።»

ፖስተሩን ቤት ውስጥ አልሰቀልነውም። ከቤት ማሞቂያው፣ ከፈርነሱ ኋላ ቆመ። አንዳንዴ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦታው ተቀይሮ አገኘዋለሁ፤ አልጠየቅኳትም።

ፈተናውን በሦስተኛው ሳምንት ተፈተንን፣ አለፍን። የመሐላው ቀን ቀኝ እጄን አንሥቼ በሟቿ ስም ማልኩ። አክስቴ ማንም ምንም አያደርገንም ያለችው ቀን መጣ። እሷ ግን ዛሬም ፖስታ ቆማ ነው የምትከፍተው። እኔም እዚህ ስም የማልጽፈው ለዚያ ነው።

ከመሐላው በኋላ ባለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ስንወጣ ጋሼ በር ላይ አሉ። እንኳን ደስ ያላችሁ አሉን። የአክስቴን እጅ እንደያዙ፣ «ያቺ የእህትሽ ልጅስ? ሳትመጣ ቀረች እኮ» አሉ።

«ቶሮንቶ ሄደች» አለች አክስቴ።

«ውይ፣ ሳላያት! ደህና ናት ግን?» ጥያቄው ወደ እኔ ነበር።

«ደህና ናት ጋሼ» አልኩ።